ወንበር ላይ የቀረ ኮት

ተረፈ በጠዋቱ ሚኒባስ ከእምድብር ወልቂጤ ገብቶ የወንድሙን በር ሲገፋ፣ ወንድሙን ሀብተጊዮርጊስን አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ሞቶ አገኘው። የሟች ሚስት ዓለምዘውድ «ጎህ ሲቀድ ወድቆ ነው» እያለች ብትከተለውም አልሰማትም። ጩኸቱን ለቀቀው፤ ወዲያውም ፖሊስ ጠራ።

ኢንስፔክተር ትርሲት ስትደርስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ትርሲት ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር ጥቂት ነው። ያን ማክሰኞ ግን ምነው ዓይኔ ባላየ ብላ እንደምትመኝ ገና አላወቀችም።

«ገድላው ነው!» አለ ተረፈ። «እሷና ያ የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ዘመድኩን። አዲሱ ኮቱ እንኳ ቤት ውስጥ የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ታያላችሁ!»

«እርስዎስ ዛሬ ምን አመጣዎት?»

«ስልክ አያነሳማ! ልጁ ሲፈን ትናንት አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አብራት ያለችው አክስቷ ናት። ሐሙስ የልብ ኦፕራሲዮን አለባት። አባት በዚህ ጊዜ እንዴት ስልኩን ይዘጋል?»

«በእንሰት መሬት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ወንድማማች በመሬት ካልተጣላ በምን ሊጣላ ነው?»

ትርሲት ሬሳው ወዳለበት ክፍል ገባች። ትራሱ ላይ የደም ጠብታ የለም። የሟችን ክንድ ስታነሳው ያለ ችግር ታጠፈላት፤ ገላው ግን ቀዝቅዟል። ከባልደረባዋ ጋር ገልበጥ ሲያደርጉት ጀርባው ደም ሰርጎበት ጠቁሯል፤ በጥቁረቱ መካከል ነጣ ያሉ መስመሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ፍራሹ ስፖንጅ ነው፤ እንዲህ ያለ መስመር አያወጣም። በጓሮ በር ወጥታ እንሰቶቹን ስታይ ለጋ ለጋው ቅጠል ሁሉ ተቆርጦ አልቋል።

«በቅጠሉ ቆጮ ጋግራችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አይ» አለች ዓለምዘውድ። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «አዎ፤ እሑድ» አለች።

የሟች መሥሪያ ቤት ሩቅ አይደለም። ኃላፊው አቶ ያረጋል መርዶውን ሲሰማ ደነገጠ፤ «እንዴት ይሆናል? ኮቱ እኮ ወንበሩ ላይ ነው!» አለ።

እውነትም አዲሱ ኮት ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። የመንግሥት ቢሮን ለማያውቅ ልንገር፦ ኮቱን ወንበር ላይ የተወ ሠራተኛ ቀርቷል አይባልም፤ ወጣ ብሎ ነው ይባላል። በዚህ ሥርዓት ስንቱ ሻይ ሲጠጣ ውሏል!

«መቼ አዩት?»

«ትናንት ሲገባ ሲወጣ ነበር። ሆስፒታሉም ልጅቱን ለማስተኛት ሲደውል፣ ‹አዎ፣ ሥራ ላይ ነው› ብዬ አረጋግጫለሁ።»

«እሱን ራሱን አዩት?»

ያረጋል ወደ ወንበሩ ዞር አለ። «ኮቱን አይቻለሁ» አለ።

ትርሲት ሳቋ መጥቶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የሕክምና መድን እንዴት እንደሚሠራ ጠይቃ መልሱን ስትሰማ ግን ሳቋ ጠፋ።

«ሠራተኛው በሕይወት እያለ የተኛ ቤተሰብ ድኖ እስኪወጣ ይሸፈንለታል» አለ ያረጋል። «ከሞተ በኋላ ግን መግባት የለም። ደንብ ነው፤ የእኔ እጅ የለበትም።»

ከሰዓት በኋላ ዓለምዘውድን፣ ተረፈን፣ ዘመድኩንንና ያረጋልን ሟች ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«የሞተ ሰው መጀመሪያ ይደርቃል፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ይላላል» ብላ ጀመረች። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ የሞተ ቢሆን ክንዱ እንጨት ይሆን ነበር። እኔ ሳነሳው ደርቆ፣ መልሶ ላልቷል። ጀርባው ላይ ያለው መስመር ደግሞ የኮባ፣ የጓሮው እንሰት ቅጠል፣ ጅማት ነው። ቅቤ በኮባ ጠቅልሎ ማቆየትን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ወይዘሮ ዓለምዘውድ እርጥብ ቅጠል አንጥፈው ባላቸውን አቆዩት።»

«ገድላው ስትደብቅ!» አለ ተረፈ።

«አልገደሉትም። በሕይወት ያለ ሰው ግንባሩ ሲሰነጠቅ ይደማል፣ ያብጣል። ይሄ አልደማም፣ አላበጠም። መሬት ሳይደርስ ልቡ ቆሟል። ኮቱንም ሰኞ ጠዋት ቢሮ የሰቀለው ሰው፣ ባለቤቱ እንደማይመጣ ያውቅ ነበር።»

ዘመድኩን አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ» አለ። «እሑድ ማታ እዚሁ እያወራን ሳለ ተዘረረ፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ግንባሩን መታው። ልጅቱ የምትገባው ሰኞ ነበር። አንድ ቀን ቢቆይላት ምን ነበረበት?»

«እሑድ ከሞተማ...» ብሎ ያረጋል ንግግሩን ተወው።

«እሑድ ከሞተ ምን?» አለ ተረፈ።

«ልጅቱ ከመተኛቷ በፊት ነው። ሽፋኑ ይሰረዛል። ሐሙስ የሚባል ነገር አይኖርም።»

ተረፈ ያለበት ተቀመጠ። ጠዋት በጩኸቱ ማንን እንደገደለ ያኔ ነው የገባው። እንዲህ ያለ ጸጸት ለጠላትም አይስጥ።

ዓለምዘውድ ተነሥታ ሁለት እጆቿን አጣምራ ወደ ትርሲት ዘረጋች።

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ ገደልኩት» አለች። «በዘነዘና መታሁት። እንዲያ ብለሽ ጻፊና እሰሪኝ።»

«ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ ይተዉ...»

«እኔ ስገባ ይተነፍስ ነበር!» አለ ተረፈ። «እምላለሁ! በዓይኔ አይቻለሁ!»

ትርሲት መዋሸት አማራት። በሥራ ዘመኗ እንደዚያ አምሯት አያውቅም።

«ሬሳው ሐኪም ያየዋል» አለች። «እኔ ያየሁትን እሱም ያያል። እኔ ብዋሽ ሬሳው አይዋሽልኝም።» ወደ ዓለምዘውድ ዞረች። «የሰው ነፍስ የለብዎትም። ነፃ ነዎት።»

«ማን ነፃ አውጪኝ አለሽ?» አለች ዓለምዘውድ፣ እጆቿን ሳታወርድ።