የውኃ አባት ዋንጫ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እግራችሁን ሰብስቡና ተቀመጡ። የዛግራትን ነገር ላውጋችሁ።

በዛግራት መንግሥት አልማዳ የሚባል ታላቅ ወንዝ ነበር። የአገሩ ሥርዓትም እንዲህ ነው፦ ጎህ ሲቀድ የውኃ አባት የሚባለው ሹም ከወንዙ በቀንድ ዋንጫ ቀድቶ፣ ሕዝቡ እያየው ይጠጣል። እሱ ሳይጠጣ እንስራ አይነከርም፤ ከብትም አይወርድም። ሹመት ማለት ለእነሱ ቀድሞ መቅመስ ነበር።

አንድ ማለዳ በወንዙ ዳር ወፍ ሳይጮኽ ነጋ። የውኃ አባት ደርበው ዋንጫውን ጨለጠ፤ ወዲያው ጉልበቱ ከዳው። «አትቅዱ! ልጆቼ፣ አትቅዱ!» እንዳለ በልጁ በዘርትሁን ክንድ ላይ አረፈ።

ለቅሶው ሳያባራ የላይኛው አገር ገዥ አበጋዝ ኖርጋ ጭፍሮቹን ልኮ ዋንጫውን ከአስከሬኑ እጅ አስነጠቀ። «ሽማግሌው በደዌ ሞተ፤ ውኃው ደህና ነው» ብሎም አስነገረ። ያለ ዋንጫው ሹም አይሾምም፤ ያለ ሹም የሚቀምስ የለም። ሕዝቡ ጠማውና ቀዳ። ሕፃናትም እንደ አበባ ይረግፉ ጀመር። ኖርጋ ራሱ ግን በግንቡ ያጠራቀመውን የዝናብ ውኃ ይጠጣ ነበር።

ዘርትሁን በአባቷ መቃብር ላይ ቆማ ማለች፦ «አንተ ኖርጋ! አባቴን ያጠጣኸውን መልሼ ሳላጠጣህ ብቀር፣ ምድር አጥንቴን ትትፋው!»

ዋንጫው በወንዙ ምንጭ፣ አንድ ዘንዶ ባለበት ዋሻ ውስጥ እንደተጣለ ወሬ ደረሳት። ጀልባ ቀዛፊው ጋሼ ጓንጉልና አንድያ ልጇን የቀበረችው የአንጥረኛው ሚስት ማንአህሎሽ አብረዋት ተነሡ።

«እትዬ፣ መንገዱ ገደል ነው። ቢቀሩ አይሻልም?» አለቻት ዘርትሁን ማንአህሎሽን።

«ለማን ብዬ ልቅር? ይልቅ ይህን ሽማግሌ መልሺው፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ዘንዶውን ይቀሰቅስብናል።»

«ያንቺ ምላስ እያለ በኔ ጉልበት ይነቃል?» አላት ጓንጉል።

በገደሉ ወገብ ላይ የሰው ፊት ያላቸው አሞሮች ከበቧቸው፤ በሙታን ድምፅ የሚጣሩ ናቸው። አንዱ «እማዬ!» ሲል ማንአህሎሽ ወደ ገደሉ አፍ አንድ እግሯን አነሣች። ጓንጉል እጇን ጨምድዶ ያዘና በዚያ ሻካራ ድምፁ የቀዘፋ ዘፈን እየጮኸ አሻገራት። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቱ አንዳች አላለችም።

በዋሻው ለኖርጋ ወርቅ የሚያነጥሩ ሰዎች ከሚነሣው የመርዝ ጢስ ሸሽተው ሲወጡ ጠብቀው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲርጎ የተባለው ዘንዶ በሰንሰለት ታስሮ ሐሞቱ ይንጠባጠባል። ኖርጋ ወርቁን የሚያነጥረው በዚያ ሐሞት ነበር፤ እጣቢው ወደ ምንጩ ይፈስሳል። ዋንጫው ደግሞ በዘንዶው ጥምጥም መካከል ወድቋል።

«ፍቺኝ» አለ ሲርጎ፤ «ኖርጋን ከነግንቡ ላንድድልሽ።»

ልቧ ዘለለ። ሲቃጠል በዓይኗ ታያት፤ ደስም አላት። ግን ከግንቡ ሥር ያሉት ጎጆዎች ትዝ አሏት።

«የሣር ክዳኖቹስ?»

«እሳት አይመርጥም።»

«እንግዲያው ማልልኝ! ማንንም ሳትነካ ከዛግራት ራቅ። እኔም ከእጣቢው በዋንጫዬ እቀዳለሁ።»

«እሱን የቀመሰ የፀሐይ መጥለቂያ አያይም።»

«አባቴም አላየም» አለች።

ሲርጎ ማለ። ማንአህሎሽ በባሏ መዶሻ ሰንሰለቱን ሰበረች። ዘርትሁንም ዋንጫውን አንሥታ ከእጣቢው ቀዳች። ዘንዶው በደመና ውስጥ ገብቶ ሄደ፤ ምንጩም መጥራት ጀመረ።

ሕዝቡ ዋንጫውን ሲያይ በእልልታ ዘርትሁንን ሾማት። እሷም ኖርጋን ለፍርድ አስጠራችው። ሕጉ የታወቀ ነው፦ ወንዝ በከለ የተባለ ሰው፣ የውኃ አባት ከጠጣበት ዋንጫ ተከትሎ ይጠጣል፤ እምቢ ካለ ከነቤቱ ከአገር ይወጣል፤ ጠጥቶ ከሞተም ቤቱ ሹመት ያጣል።

«በጦር ወግተሽው አትገላገይም?» አለቻት ማንአህሎሽ።

«እሱን ብወጋ ወንድሙ ሌላ ዘንዶ ያስራል። በዋንጫው ከተፈረደበት ግን የኖርጋ ቤት ዳግም ወንዙን አይገዛም።»

ጓንጉል ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ እኔ ልጠጣው። እኔ እንደሁ ዕድሜዬን በልቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ሹመቱ የኔ ነው።»

ኖርጋ በጭፍሮቹ ታጅቦ መጣ። ዘርትሁን ዋንጫውን አነሣች፤ ሕዝቡ እያያት፣ ፊቷ ሳይቋጠር እኩሌታውን ጠጣች። ኖርጋ አንድ ጊዜ ዋንጫውን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየና በሳቅ ፈረሰ።

«መርዝ የሚጠጣ ሹም የት አገር አለ! ውኃ ለውጠሽ እኔን በባዶ ልታስበረግጊኝ? አምጪው!» ብሎ እስከ አተላው ጨለጠው።

«አልለወጥኩም» አለችው ዘርትሁን በቀስታ። «አባቴም አልለወጠም ነበር።»

የኖርጋ ፊት አመድ መሰለ። ጉሮሮውን ይዞ «ውኃ! ንጹሕ ውኃ ስጡኝ!» እያለ ጮኸ።

ማንአህሎሽ እጇን ዘረጋች። «ይኸውልህ አልማዳ። ደህና ነው ብለኸን የለ? ጠጣ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ የገዛ ጭፍሮቹም። እዚያው በወንዙ ዳር ተንፈራግጦ ቀረ።

ዘርትሁንን ጓንጉል በጀልባው አስተኛት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት ወፍ ከቄጠማው መካከል ጮኸች።

«ጋሼ፣ ሰሙ?» አለች።

«ሰማሁ ልጄ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅም አረፈች።

ክረምት ገብቶ ወንዙን ካጠበው በኋላ ዋንጫውን ማንአህሎሽ ተቀበለች። ጎህ ሲቀድ ቀድማ ጠጣች፤ ቆማም ቆየች። ከዚያም ልጆቹን ወደ ውኃው ጠራች።

እናንተም ልጆቼ፣ ጥሩ ውኃ ወደ አፋችሁ ስታስጠጉ፣ ከእናንተ በፊት የቀመሰችላችሁን አስቧት፤ አደራ።