ከነጩ ብልቃጥ አንድ ማንኪያ

«ለመሆኑ ምን ሲበላ ነው የከረመው?» አለች የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሊንድ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የውሻውን የሙስቲን የኋላ እግር እያጠፈች እየዘረጋች።

ብሪን አፏን ከመክፈቷ በፊት ሚስተር ሃካላ ቀደሟት። «የቤት ምግብ ነዋ። የሚስቴ የኤልማ ድስት። እኔ ዳሌዬን ተቀይሬ ማገገሚያ ተኝቼ ሳለሁ፣ ይቺ የጎረቤቴ ልጅ ናት ስድስት ሳምንት ሙሉ በእጇ እየሠራች ያበላችልኝ።» ከዘራቸውን ወደ ብሪን ቀሰሩ። «አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ ዳቦ እንኳ በቅጡ አልቆርጥም ነበር።»

ብሪን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የድመት ጥርስ ሥዕል እንደ ፈተና ወረቀት አፍጥጣ ማንበብ ጀመረች። ጆሮዋ ግሏል።

«በሚያዝያ ራጅ ስናነሳው አጥንቱ ሳስቶ ነበር» አለች ዶክተሯ። «ሥጋና ሩዝ ብቻውን አጥንት አያጠነክርም፣ ወይ የጎደለውን አብረን እንፈልግ፣ ወይ የከረጢቱን ደረቅ የውሻ ምግብ ይሞክሩ ብዬዎት ነበር። ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ። ኤልማ ስታበላው የኖረችውን በጠጠር አልቀይርም አልኩሽ።» ሚስተር ሃካላ የከረጢቱን ምግብ ከጠጠር ሌላ ስም ሰጥተውት አያውቁም። «ይኸው፣ አሁን ተመልከችው።»

ሙስቲ የሚታይ ሆኖ ነበር። በሚያዝያ የበረንዳውን ሦስት ደረጃ መውጣት አቅቶት ሚስተር ሃካላ ሆዱን በፎጣ ደግፈው ነበር የሚያወጡት። ሚስት የሞተችባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ውሻው በሐዘን ተጎዳ ይል ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱንም እየጎተተ ነው እዚህ ያደረሳቸው።

«ድስቱ ያው ነው? ምንም አልተጨመረበትም?»

«ያው ነው። አይደል፣ ብሪን?»

ብሪን ራሷን ነቀነቀች። ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን እሷም አልለየችውም።

ዶክተር ሊንድ ትከሻዋን ሰብቃ ተነሳች። «እንግዲህ ከሚሮጥ ውሻ ጋር አልከራከርም። በዚሁ ይቀጥሉ።»

በዚሁ ይቀጥሉ የሚለው ነገር ብሪንን እስከ ቤት ድረስ ተከተላት። ምክንያቱም የኤልማን ድስት የሠራችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን የኳስ ልምምድ ረፍዶባት ስትጣደፍ ሩዙ አረረ፤ ድስቱን ስትፈገፍግ ልምምዱም አለፋት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ከረጢት የውሻ ምግብ ገዝታ ብስክሌቷ ላይ ጫነች። ለአንድ ቀን ብላ ነበር። ሙስቲ ሳህኑን ልሶ ሲጨርስ ሌላ አለ ወይ ብሎ ቀና ሲልባት ጊዜ፣ አንዱ ቀን አምስት ሳምንት ሆነ።

ሚስተር ሃካላ ለውሻው ብለው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጡትን የአጋዘን ሥጋ ደግሞ «ውሰዱት ብለውናል» ብላ ለእናቷ ሰጠቻት። ቤተሰቡ በሙሉ የሙስቲን ድርሻ እያጣጣመ በላው። አባቷማ ደግሞ ጨምሩልኝ ብሏል።

እሑድ እሑድ ሚስተር ሃካላ ከማገገሚያው ይደውላሉ። «በላልኝ?» ይላሉ። «ጥርግ አድርጎ» ትላለች። ይሄ እንኳ እውነት ነበር። አንድ ቀን ግን «ካሮቱን በደንብ ትደቁሺዋለሽ?» ሲሏት «አዎ» አለች። እስካሁን የሚያቃጥላት እሱ ነው።

ቤት እንደደረሱ ሚስተር ሃካላ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ድስቱን አወጡ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምሠራው። አንቺ በቂ ደክመሻል» አሉ። ፍሪጁ በር ላይ ኤልማ ለባሏ የጻፈችው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው፣ ጠርዙ በቅባት ወዝቷል። *ሥጋ፣ ሩዝ፣ ካሮት፣ አተር፣ ትንሽ ጉበት። ከነጩ ብልቃጥ አንድ ማንኪያ እንዳትረሳ፣ ቶይቮ።*

ነጩ ብልቃጥ መስኮቱ ሥር ነው። አሁን እርሳስና መነጽር ይቀመጥበታል።

«ሚስተር ሃካላ፣ እዚህ ውስጥ ምን ነበር?»

«ጨው ነዋ። ከቀብሯ በኋላ ጓዳውን ሳጸዳ ከፍቼ አየሁት፣ አርጅቶ ዱቄት መስሏል። ደፋሁት። ለውሻ ደግሞ ጨው ምን ይሠራለታል? አንቺንስ ተዪው አላልኩሽም?»

ብለዋት ነበር። አሁን ግን የዶክተሯ «የጎደለውን» የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ነበርና፣ ብሪን መስኮቱን ስታይ ሌላ ነገር ትዝ አላት። አሥር ዓመቷ ሳለ፣ እዚያው መስኮት ላይ ኤልማ በትሪ የእንቁላል ቅርፊት ታሰጣ ነበር። ቆሻሻ ለምን ያደርቃሉ ብትላት፣ «ቆሻሻ አይደለም፣ የሙስቲ አጥንት ነው» ብላት ሳቀች። ብሪንም ቀልድ መስሏት አብራት ሳቀች።

«ጨው አልነበረም» አለች። «የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ነበር። ኤልማ መስኮቱ ላይ ሲያሰጡት አይቻለሁ።»

ይሄን ካመኑ ሌላው ሁሉ ሳይነሳ ያልፋል ብላ ነበር። ውሻው ይድናል፣ እሷም ትድናለች።

ሚስተር ሃካላ ግን ካሮታቸውን መላጥ አላቆሙም። «አንቺ ቅርፊት ጨምረሽበታል?»

«አልጨመርኩም።»

«ታዲያ ያለ ቅርፊትም ይኸው እንደ ጥጃ እየቦረቀ ነው። አንቺው ራስሽ አላሳየሽኝም?» ፈገግ አሉላት። «ሂጂ አሁን፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች።»

ብሪን በጓሮ ዞራ ቤቷ ገባች። ከረጢቱ ከብስክሌቶቹ ጀርባ ነበር፣ ሲሦው ቀርቶታል። ብትጥለው ማንም አያውቅም። ከዚያ ሚስተር ሃካላ በጋውን ሙሉ ካሮት እየደቆሱ ያበሉታል፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ ፎጣው ይወጣል። ዶክተር ሊንድም በዚሁ ይቀጥሉ ብላለች።

ውሸታም መባሉ ያስፈራታል። የባሰ የከበዳት ግን ሌላ ነው። እውነቱን ከነገረቻቸው፣ ያን ሁሉ ወር በፍቅር ሲሠሩለት የነበረው ድስት ነው ውሻዎትን ያሰነከለው ማለቷ ነው። ይሄን ለአንድ ሽማግሌ እንዴት ይሉታል? ብስክሌቶቹ መሀል ትንሽ ቆመች። ከዚያ ከረጢቱን አቅፋ ወጣች።

ሚስተር ሃካላ በሩን እንደከፈቱላት ከረጢቱ እጇ ላይ ተንኮሻኮሸ። ሙስቲ ካለበት ክፍል በሩጫ መጥቶ ፊቷ ቁጭ አለ፣ ጭራው ወለሉን ይደልቃል።

ሚስተር ሃካላ ውሻውን አዩ፣ ከረጢቱን አዩ። «ድምፁን ያውቀዋል» አሉ ቀስ ብለው።

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነው» አለች ብሪን። «ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሠራሁት። ካሮቱንም አልደቆስኩም። ሥጋውን… ሥጋውን እኛ በላነው።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምድጃው ላይ ውሃው ገንፍሎ ፈሰሰ፤ ብሪን ሄዳ እሳቱን አጠፋችው።

«ስለዚህ እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

አይደለም ማለት ቀላል ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶም ነበር። «የጎደለው ያ አንድ ማንኪያ ነው» አለች። «ኤልማ ጽፈውታል። ምን እንደሆነ ግን አልጻፉትም። እርስዎም አያውቁም ነበር።»

ሚስተር ሃካላ ወደ መደርደሪያው አንጋጠጡ። እዚያ ላይ ሁለት የቡና መፍጫ ጎን ለጎን ተቀምጧል። «ስንት ዓመት ሙሉ በግራኛው እንዳትፈጭ ትለኝ ነበር» አሉ። «ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ለካ ቅርፊቱን ትፈጭበት ኖሯል።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ አልደበቁትም። ከዚያ ተነሥተው ከረጢቱን ከእጇ ወሰዱና በገዛ እጃቸው ከጠጠሩ ለሙስቲ ሳህኑን ሞሉለት። ውሻው ጥርግ አድርጎ በላ።

«ነገ ለሊንድ እደውልላታለሁ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። «ሁሉንም እነግራታለሁ። የቅርፊቱን መጠን እሷ ትነግረናለች።» ዞር ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፌን።»

ብሪን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የቤታቸውን ቁልፍ አውልቃ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። ክሩ ከአንገቷ ሙቀት አልበረደም ነበር።

«ነገ አሥር ሰዓት ላይ ነይ» አሉ ሚስተር ሃካላ። «አንኳኩተሽ ነው የምትገቢው።»

በማግሥቱ ጠዋት እናቷ ምድጃው ፊት ቆማ እንቁላል ስትሰብር ብሪን ባዶ ሳህን ይዛ አጠገቧ ቆመች።

«ቅርፊቱን አትጣይው፣ እማ።»

«ምን ልታደርጊው ነው? የትምህርት ቤት ሥራ ነው?»

አዎ ብትላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ብሪን ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ አጥባ መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ከሚደርስበት ቦታ ደረደረቻቸው። እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«አይደለም» አለች። «እሳቱን ቀንሺና ቁጭ በይ፣ እማ። ስለዚያ ስለ አጋዘን ሥጋ የምነግርሽ ነገር አለ።»