የዝናብ ውሃው በርሜል

ሰውየው ሞቶ ዓሦቹ እንዴት ተረፉ? ኢንስፔክተር ዱሬቲ ይህን ጥያቄ ሁለት ቀን ሙሉ ብታወጣ ብታወርድ መልስ አጣችለት።

ጋሽ ይመር ቤቴል ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን፣ ከዓሣ ገንዳው የብረት ማቆሚያ ሥር ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ተገኙ። ምንጣፉ በውሃ ርሷል፤ ባዶ ባልዲ ተጋድሟል። ገንዳው ግን እስከ አፉ ሙሉ ነው። ቀይና ሰማያዊ መስመር ያላቸው ትንንሽ ዓሦች እንደ ልባቸው ይዋኛሉ።

ዱሬቲ በዚያው ዕለት ተከራዩን ያደሳን አሰረችው። ቤት ልቀቅ ተብሎ ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ ሱሪውም ጉልበቱ ላይ ረጥቧል።

«ባለቤታቸው እትዬ ወርቅዬ ሲጮኹ ሮጬ ገባሁ፤ ላነሳቸው ተንበርክኬ ነው» አላት። «ቅዳሜ ሠርጌ ነው፣ ኢንስፔክተር። እባክዎ!»

«ገንዳውን ማን ሞላው?»

«እኔ እንጃ። ቧንቧው እዚያው አለ፣ ውሃ ያው ውሃ ነው።»

ዓሦቹን የሸጠው ባሮክ ግን በዚህ አይስማማም።

«ዓሣ የሚመረጠው በመልኩ ሳይሆን በቤት ውሃ ነው» አለ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ። «የነሱ ግቢ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ኖራው ማንቆርቆሪያ ያነጣል። ልጃቸውን ሄቨንን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹በውሃችሁ የሚኖር ውሰጂ› ብላት ‹እነዚህ ያምራሉ› ብላ ድርቅ አለች። መቼም አልቀዋል።»

«በሕይወት አሉ።»

«ይቀልዳሉ! በዚያ ውሃ?»

ዱሬቲ ወደ ግቢው ተመለሰች። ከማድ ቤቱ ጀርባ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አለ። ውሃው ስንዝር ያህል ጎድሏል፤ ከውሃው በላይ በርሜሉ ጎን ላይ የተለጠፈው አረንጓዴ አልጌ ገና አልደረቀም፤ በቅርብ ተቀድቶለታል።

«እኔ ዓሣ አላውቅም፣ ልጄ» አሏት የሟቹ ሚስት ወርቅዬ። «የሱ ጣጣ ነው።»

ዓርብ ከሰዓት ያደሳን፣ ባሮክንና ወርቅዬን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ያደሳ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ገንዳው ተደፍቶ እንደገና ተሞልቷል» አለች። «የሞላው ሰው የጉድጓድ ውሃ ቢጨምር ዓሦቹ ባልተረፉ። ለያደሳ ውሃ ሁሉ አንድ ነው። ባሮክ ዓሣ ያውቃል፤ በርሜሉን ግን አያውቅም፣ ሞተዋል ብሎ ነበር።»

ከዚያ ከግቢው ቧንቧ የቀዳችውን ባልዲ አንስታ ገንዳው አፍ ላይ አዘነበለች።

«ተዪ! ትገያቸዋለሽ!»

ወርቅዬ እጇን ጨምድደው ይዘዋል።

«ውሃቸው ከበርሜሉ መቀዳት እንዳለበት ሄቨን ናት ያሳየችኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ይመር ‹ልጅቷ ከሞተች ዓሣ ምን ይሠራል› ብሎ በባልዲ እየቀዳ ምንጣፉ ላይ ደፋው። ገፋሁት። ሲወድቅ... እሱን አላየሁም። ዓሦቹን ነበር ያየሁት።»

«እኔን ሲወስዱኝስ፣ እትዬ?» አለ ያደሳ። «‹ልጄ› ይሉኝ አልነበር?»

ወርቅዬ አንገታቸውን ደፉ።

ያደሳ በዚያው ምሽት ተፈታ። የሙሽራዋ አባት ግን የሠርጉን መጥሪያ ካርድ ጠዋት መልሰውለት ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ ለተባለ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው።

ቅዳሜ፣ ሠርጉ ሊሆን በነበረበት ሰዓት፣ ዱሬቲ ስልኳን አወጣች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያደሳ። አልሰማሁህም። ለአባቷ ራሴ ሄጄ ልንገራቸው?» ብላ ላከችለት።

መልእክቱ መነበቡን አየች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። እሑድም፣ ሰኞም መልስ ሳይመጣ እንደዚያው ነበር።