ማዕዘኑን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች

የአውቶቡስ ተራው ሽንት ቤት ይከረፋል። «ጎረቤት» እጁን እየታጠበ በመስታወቱ በሩን ይጠብቃል።

አለቃው ገባ። የእሱ ደግሞ ስውር ስሙ «ዘመድ» ነው፤ ሽቶው ከሽንቱ ይብሳል።

«ያዝከው?»

«ይዣለሁ።»

ጎረቤት በምርምር ማዕከሉ ጋን አጣቢ ሆኖ ከርሟል። ሜዳው ላይ የተበተኑት የውሃ ጋኖች ከጠፈር የሚመጣ ኃይለኛ ጨረር ሲደርስባቸው ውስጣቸው ብልጭ ይላል። ተመራማሪዎቹ የትኛው ጋን እንደቀደመ አይተው የጨረሩን ምንጭ ያሰላሉ። ምኞታቸው እንዳያሳስታቸው ግን፣ ስሌቱ እስኪያልቅ እውነተኛው አቅጣጫ እንዳይታወቅ፣ የሰማዩን ካርታ በምስጢር ማዕዘን አዙረው ነው የሚሠሩት። ከተመራማሪዎቹ ማዕዘኑን የሚያውቁት የማዕከሉ ኃላፊ፣ ዶክተሯ ብቻ ናቸው። ድንገት ቢሞቱ እንዳይጠፋ ደግሞ ከስሌቱ ውጭ የሆነ አንድ ታማኝ ሰው ይይዘዋል፤ ማንነቱን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

ታማኙ ጋን አጣቢው ነበር።

ዘመድ ቀደም ሲል ከማዕከሉ አሰርቆ የሸጠው መረጃ ያለ ማዕዘኑ ዋጋ የለውም። መረጃውን የገዙት ሰዎች ግኝቱን ቀድመው ሊያውጁ ቸኩለዋል።

ጎረቤት የማዕዘኑን ቁጥር በዘመድ ጆሮ ነገረው።

«ዶክተሯን አንነካቸውም ብለኸኛል።»

ዘመድ ሳቀ። «ሁለት ሰው የሚያውቀው ነገር ወጣ። አንደኛው አንተ ነህ። አንተን ላጋልጥ እንዴ? ዶክተሯ ሸጡት የሚል ጥቆማ ጠዋት ለመርማሪዎች ደርሷቸዋል። በል ወደ ሥራህ ተመለስ፤ ከቀረህ ይጠረጥሩሃል።»

ጎረቤት በሩን ገፍቶ ወጣ። ወደ ማዕከሉ ተመለሰ።

ሁለት መርማሪዎች ዶክተሯን ከወንበራቸው አስነስተዋቸዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ዳር ቆመዋል። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ አንዱ፣ ዶክተሯን እያየ።

«ማዕዘኑን ሌላ ማን ያውቃል?» አለ መርማሪው።

ዶክተሯ ቀና ሲሉ ከጎረቤት ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ጎረቤት ዓይኑን ሰበረ።

«ማንም። እኔ ብቻ ነኝ» አሉ ዶክተሯ።

«ይሄስ ሰውዬ?» አለ መርማሪው ወደ ጎረቤት እየጠቆመ።

«እሱ ጋን አጣቢ ነው፣ ምን ያውቃል? ተዉት። ሚስቱ ልትወልድበት ነው፤ በኔ ጣጣ አታንከራቱት።»

ጎረቤት ሚስት የለውም። ነፍሰ ጡሯን ዘመድ ነው የፈጠራት፣ ሰው እንዲያዝንለት ብሎ። ዶክተሯ ግን አምነዋል። ሲወስዷቸው፣ ለሕፃኑ የጀመሩት የሹራብ ካልሲ ከነመርፌው ወንበራቸው ላይ ቀረ።

ጎረቤት እንደ ሌሎቹ ዳር ቆሞ አየ። ራሱን ተጸየፈ። ብሩሹን ይዞ ወደ ጋኖቹ ሄደ።

በሳምንቱ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ቤት ተከራየ። ዘመድ ደወለለት። «አንበሳ ነህ። ሰዎቹ ረክተዋል።»

ስልኩን ዘጋበት።

አከራይዋ ቁልፉን እየሰጡት «ሚስት፣ ልጅ የለህም እንዴ ልጄ?» አሉት።

«የለኝም፣ እማማ።»

ገብቶ በሩን ቆለፈና አስታወከ።