የ«ሰማያዊ መብራት» የመጀመሪያ ካሴት

ካሴቱ ጠፋ። ኮምፒውተሩ አለ። ማይኩ አለ። ዱቤ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት አሮጌ ኪቦርድም አለ። የጠፋው አንድ ካሴት ብቻ ነው።

ሳጅን አካሉ የካ ዳገት ላይ ያለችውን ጠባብ ስቱዲዮ ከበሩ ቆሞ ቃኛት። በር አልተሰበረም፤ መስኮት አልተነካም።

ዱቤ ሐዘን የተቀመጠ ይመስላል። የ«ሰማያዊ መብራት» ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። በጉብዝናው ጊዜ ጣቱ ከመፍጠኑ የተነሳ ሪትም ማሽኑ «ቆይ ልድረስብህ» ብሎ ይለምነው ነበር ይባላል። አካሉ ይህን ያምናል፤ በገዛ ሠርጉ በዚያ ዜማ ጨፍሮ ጫማው ጨሷል።

አሁን የባንዱ የዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ አልበም ተሰብስቦ ሊወጣ ነው። ሌሎቹ ዘፈኖች ኮምፒውተር ውስጥ ገብተዋል። የመጀመሪያው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ያለው በዚያ ካሴት ላይ ነው።

«ያለሱ አላወጣውም» አለ ዱቤ። «ራስ የሌለው ሰው ፎቶ ነው የሚሆነው።»

መጀመሪያ የተጠረጠረው ከባንዱ ተጣልቶ የወጣው ድምፃዊ፣ ወንደሰን ነው። አካሉ መገናኛ፣ ሞባይል ከሚሸጥበት ሱቅ አገኘው። ወንደሰን አልተቆጣም። የአልበሙን ሽፋን አውጥቶ አሳየው።

«እዚህ ላይ ፀጉር አለኝ፣ ሳጅን። እንዲወጣ ከኔ በላይ የሚፈልግ ሰው የለም።»

አካሉ ባዶ እጁን ወደ ስቱዲዮው ተመለሰ። የቀሩትን ካሴቶች አንድ በአንድ አነሳ። የሁሉም ክር ከመጀመሪያው ትንሽ ሄዶ ቆሟል።

«እንዲህ ነው የምታስቀምጣቸው?» ሲል የስቱዲዮውን ድምፅ ቀራጭ፣ ሲሞንን ጠየቀው።

ሲሞን «አይደለም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሱ እስከ መጀመሪያው ሳያጠነጥን አያስቀምጥም።

«እንግዲያው ሌባው ሁሉንም ሞክሯል። የፈለገው ዘፈን አይደለም፤ መግቢያ ነው። የጠፋው መግቢያው ላይ ምን አለ?»

«ምንም። የፋኑኤል ጩኸት። ልቆርጠው ነበር።»

ፋኑኤል የሪትም ማሽኑ ሰው ነበር፤ ዓምና አረፈ።

«እንደምትቆርጠው ማን ያውቃል?»

ሲሞን አንገቱን አከከ። በፋኑኤል ሙት ዓመት ላይ አውርቶታል። የሟቹ እናት፣ እማማ ወለተጊዮርጊስ፣ የተቆረጠው የት እንደሚሄድ ጠየቁት። ይጣላል አላቸው።

«ትናንት መጥተው ነበር» አለ ዱቤ ቀስ ብሎ። «ዳቦ ልገዛላቸው ብዬ ትቻቸው ወጣሁ።»

አካሉና ዱቤ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ወጡ። የእማማ በር ላይ ሲደርሱ አካሉ እጁን ሊያንኳኳ አንስቶ ተወው። ውስጥ ቴፕ ተከፍቷል።

«ዱቤ፣ ፍሬን ያዝ!» የወጣት ድምፅ ነው። ከዚያ ሳቅ። ቴፑ ቀጥ አለ። ክሩ ወደ ኋላ ተጠነጠነ። እንደገና፣ «ዱቤ፣ ፍሬን ያዝ!»

ዱቤ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

እማማ ካሴቱን አልደበቁትም። «ሌላ ድምፁ የለኝም» አሉ። «ሊጥሉት ነው ሲባል ከቆሻሻ ቀድሜ አነሳሁት።»

አካሉ ስለ ክሱ ዱቤን በዓይኑ ጠየቀው። ዱቤ ዞር ብሎም አላየው።

«አይቆረጥም፣ እማማ። አልበሙ በሱ ነው የሚጀምረው።»

እንደተባለውም ሆነ። አንድ ቀን አካሉ ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፈረ። ጋቢና እማማ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ አዲሱን አልበም ከፈተው።

«ዱቤ፣ ፍሬን ያዝ!»

ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተከመረ፤ የአካሉ ኮፍያ በሁለት ሰው ላይ ዘሎ የረዳቱ ራስ ላይ ልክክ አለ። ሰዉ ሾፌሩን ሊሰድብ አፉን ሲከፍት፣ እማማ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አይዞህ» አሉት። «ልጄ ነው።»