አሥራ አንድ ሰከንድ

ሐምሌ 7 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ከጧቱ አራት ሰዓት። እንጦጦ ጥግ ባለችው የመሬት ኤሌክትሪክ መለኪያ ጣቢያ፣ የመመዝገቢያው መሣሪያ ብዕር በወረቀቱ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይጽፋል። ቴክኒሻኑ አካሉ ሦስት መቶ ሜትር ርቆ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ወደ መሣሪያው ከሚመጡት ሁለት ሽቦዎች የላላውን ያጠብቃል። አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ሲሆን ብዕሩ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ተወረወረ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆይቶ ተመለሰ። እንጨት ለቃሚ ሴቶች አካሉን ሽቦውን እንደጨበጠ ሞቶ አገኙት።

መርማሪው የመቶ አለቃ ጎበና በማግስቱ ሲደርስ የሟቹ ባልደረባ ነጅመዲን በካቴና ታስሮ ነበር። ለአንድ የውጭ ትምህርት ዕድል ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ የጣቢያው ኃላፊ በዳዳ ያን ጧት ቀበና ስለነበር፣ መሣሪያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው በግቢው አልነበረም። የሟቹ አባት፣ ዘበኛው ሰቦቃ፣ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አልነሳ ብሏል። ልጄን የገደለው ይሰቀልልኝ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

በዳዳ ስለ መሣሪያው አስረዳ። «የጄኔሬተሩ ረብሻ ከኮረብታው የሚመጡትን ሁለቱንም ሽቦዎች እኩል ይነካል። መሣሪያው እኩል የመጣውን ይጥላል፤ የሚጽፈው ልዩነቱን ብቻ ነው። በትክክል መጣሉን በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ እንፈትሻለን።»

ፍተሻው ሁለት እጅ ይፈልጋል። ግራ እጅ እጀታውን ወደ ታች ሲስብ የኮረብታው ሽቦዎች ይለያሉ፤ የመሣሪያው ሁለት መግቢያዎችም ይገናኛሉ። ከዚያ ቀኝ እጅ ከጄኔሬተሩ ኃይል የሚያመጣውን መቆንጠጫ ያያይዛል፤ አሥር ያህል ሰከንድ ቆጥሮም ይነቅለዋል። ኃይሉ ለሁለቱም እኩል ስለሚደርስ ብዕሩ ንቅንቅ አይልም።

ነጅመዲን ጠቡን አልካደም። ነዳጅ እየቀዳሁ ነበር አለ፤ ምስክር ግን የለውም። «ልገድለው ብፈልግ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳው ነበር፣ የመቶ አለቃ። ሰዓቱን ጽፎ እንዲመሰክርብኝ እተወዋለሁ?»

ጎበና በዳዳን ፍተሻውን እንዲሠራ አዘዘውና ወጥቶ ሰቦቃ አጠገብ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል የበዳዳ ቀኝ እጅ ይታያል። ግራውን ትከሻው ጋርዶታል። ጎበና ፍተሻው ካለቀም በኋላ ከአግዳሚው ቶሎ አልተነሳም። ዝም ማለት በተሻለ ነበር፤ የነጅመዲን እጅ ግን በካቴና ነው።

ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«ገዳዩን ከሚያውቁት መካከል ፈለግን» አለ። «የሚያውቅ ሰው ሊገድል ቢያስብ ብዕሩን ያነሳል፤ ሊፈትሽ ቢያስብ እጀታውን ይስባል። ይህ ሰው ሁለቱንም አላደረገም። በፍተሻው ሰዓት መጣ፤ መቆንጠጫውን አያያዘ፤ ቆጠረ፤ መልሶ በቦታው ሰቀለው። እጀታው ስላልተሳበ ኃይሉ በአንዱ ሽቦ ብቻ ወደ ኮረብታው ሄደ፤ ብዕሩም ልዩነቱን ጻፈ። ፍተሻውን ያየው በአንድ በኩል ብቻ ነው።»

«የሠራሁለትማ እኔ ነኝ» አለ ሰቦቃ።

በዳዳ አካሉን ፍተሻ አዘገየህ ብሎ ሁለቴ አስጠንቅቆታል። ሰቦቃ ያን ጧት ሁለት ደቂቃ ጠበቀው። ሲቀርበት ጊዜ ገባና ልጁ ሲያደርግ ዘወትር እንደሚያየው አደረገ።

«እንጀራው እንዳይቋረጥበት ብዬ ነው» አለ። ፊታቸውን ተራ በተራ አየ። «ይሄ ከልጄ ሞት ጋር ምን ያገናኘዋል?»

ጎበና ከፊቱ በርከክ አለ። «አባባ፣ እርስዎ ያላዩት አንድ እጅ ነበረ» ብሎ ቀስ እያለ ነገረው። ሽማግሌው ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር።

ነጅመዲን በስምንት ሰዓት ተፈታ። ሰቦቃም ቃሉን ሰጥቶ ቀበና ወዳለው ለቅሶ ቤት እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ ደግፎ ያወረደው ነጅመዲን ነው። ከጣቢያው እስከ ቀበና ድልድይ የሃያ አምስት ደቂቃ ቁልቁለት ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀባቸው።