ጋሼ ዓለምነው ምንም አያውቁም

ለሚመለከተው ሁሉ!

ጳጉሜን 2 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከጎንደር ቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ጀሪካንና አንዲት የምታዛጋ ድመት በተገኙበት፣ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ጋሼ ዓለምነው ምንም ነገር እንደማያውቁ በይፋ ተወስኗል። ውሳኔው ከዕለቱ ጀምሮ የጸና ነው። ይግባኝ የለውም።

ውሳኔውን የሰጠችው ወንጌላዊት ሐብተ ማርያም ነበረች። ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ነው፤ ዐሥረኛ ክፍል ልትገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ነገሩ የተጀመረው በብቅል ነው። እናቷ ወይዘሮ እናኑ ለእንቁጣጣሽ ጠላ ያዘጋጁትን ብቅል ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ እያሰጣች ሳለ፣ ጎረቤታቸው ጋሼ ዓለምነው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ልጄ፣ ከሰዓት ይዘንባል። ብቅሉን ባታሰጪው ይሻላል» አሏት።

ሌላ ልጅ ብትሆን «እሺ» ብላ ሰሌኑን ትጠቀልል ነበር። ወንጌላዊት ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ከጓደኛዋ ከሄለን ስልክ ላይ አንድ መሣሪያ አግኝታለች። መሣሪያው ቪዲዮ ነው። በቪዲዮው ውስጥ ሱፍ የለበሰ አንድ ተከራካሪ «ዕውቀት ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፤ ስለዚህ በእግዚአብሔር የማያምን ሰው ምንም ነገር ሊያውቅ አይችልም» ይላል። ማስረዳቱም ቀላል ነው፤ ሰውየው ዝም እስኪል ድረስ «በምን አወቅህ?» እያሉ መጠየቅ ብቻ።

«በምን አወቁ?» አለች ወንጌላዊት።

«ደመናውን አይቼ።»

«ዐይንዎ እንደማይዋሽስ በምን አወቁ?»

«እስከ ዛሬ አልዋሸኝም።»

«እስከ ዛሬ ስላልዋሸ ዛሬም እንደማይዋሽ በምን አወቁ?»

ጋሼ ዓለምነው መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያስተምሩ ብዙ ዓይነት ተማሪ አይተዋል። «እሱንስ አላውቅም» አሉ።

«አዩ! ስለማያምኑ እኮ ነው። የማያምን ሰው ምንም አያውቅም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ሁለት ሲደመር ሁለትስ?»

«የሚያውቁት ይመስልዎታል እንጂ አያውቁትም።»

«እሺ» አሉና ከገመድ ላይ የራሳቸውን ልብስ ለቅመው ገቡ።

ከሰዓት ዘነበ። ብቅሉ ዋኘ። ወይዘሮ እናኑ የተናገሩት ነገር ለታዳጊዎች በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ስለማይገባ እዚህ ላይ ተዘሏል።

የጋሼ ዓለምነው አለማመን በሰፈሩ የተደበቀ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን አይሳለሙም። ሲጠየቁም «አላምንም» ይላሉ፤ «ዛሬ ገበያ አልሄድም» በሚል ድምፅ። ጾም ሲገባ ግን ይጾማሉ፤ ምግብ የምታበስልላቸው እህታቸው ስለምትጾም ሌላ የሚበላ ነገር የለም።

ወንጌላዊት በዚያ ሰሞን ብቅል የሚያስጨንቃት ሰው አልነበረችም። ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ ይዛለች። የአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ቁጥር በአንድ ልጅ ያስነብባል፤ ነነዌ መቼ ትገባለች፣ ፋሲካ መቼ ይውላል፣ ሁሉንም። ልጁ ቁጥሩን ራሱ አስልቶ ማምጣት አለበት። ዘንድሮ ዕድሉ የወንጌላዊት ሆነ፤ ሴት ልጅ ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ናት። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ አስማረ ሦስት ቀን አስቦ ነው የፈቀደው። «አደራ» ብሏታል፣ ጣቱን ቀስሮ።

የባሕረ ሐሳብን ስሌት ያስተማሯት አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ናቸው። እሳቸው ግን የወንድማቸው ተዝካር ደርሶ ሳንጃ ወርደዋል፤ የሚመለሱት በዋዜማው ማታ ነው። ቢሆንም ወንጌላዊት አልፈራችም። የአምናውን ወረቀት ከፊቷ ዘርግታ፣ መስመር በመስመር እየተከተለች፣ የ2019ን ቁጥር አሰላች። ነነዌ ሰኞ መግባት አለባት፤ አየች፣ ሰኞ ነው። ፋሲካ እሁድ መዋል አለበት፤ አየች፣ እሁድ ነው። ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፤ ሌላ የሚያጨበጭብላት ሰው ስላልነበረ።

ጳጉሜን 4 ቀን ወረቀቱን ለማባዛት ከሄለን ጋር ወጣች። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። የታችኛው ፎቶኮፒ ቤት ቀለም ጨርሷል። ቀሪው ፎቶኮፒ ቤት ከመንገዱ ዳር ያለችው ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ባለቤቷም ጋሼ ዓለምነው ናቸው።

«ምንም የማያውቅ ሰው ጋ?» አለች ወንጌላዊት።

«አቦ ተይኝ! ፎቶኮፒ ማንሳት ዕውቀት አይፈልግም፤ ቁልፍ መጫን ነው» አለች ሄለንና ጎትታ አስገባቻት።

«ስንት ላንሳ?» አሉ ጋሼ ዓለምነው።

«ሁለት መቶ።»

ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስተኙት። ከዚያ መልሰው አነሱት። አነበቡት። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣና እዚያው ቀረ። አስተኙት። እንደገና አነሱት።

«ምነው ጋሼ?»

«ምንም።»

«ምንም ነው ወይስ የሆነ ነገር አለ?»

«እኔ ምን አውቄ። ተወስኖብኝ የለም እንዴ?»

ሄለን አፏን በእጇ ያዘች። «ሙድ እየያዙብሽ ነው!»

ማሽኑ እያቃሰተ የመጀመሪያውን ቅጂ ተፋ። ጋሼ ዓለምነው ወረቀቱን ለሄለን ሰጧት። «እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ቀለሙ መጉላቱን ልይ።»

ሄለን ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው። ጾመ ነነዌ ጥር ዐሥር ቀን…» ቆመች። «ጥር ዐሥር? ጥር ዐሥር ከተራ አይደለም እንዴ?»

ማሽኑ ሁለተኛውን ቅጂ ተፋ።

«ነነዌ ሦስት ቀን ነው» አለች ሄለን በጣቷ እየቆጠረች። «ዐሥር ከተራ፣ ዐሥራ አንድ ጥምቀት፣ ዐሥራ ሁለት ሚካኤል። ወንጌል! ጥምቀትን ጾም አደረግሽው! ያውም ጎንደር ላይ! ያ ሁሉ ሰው ከየአገሩ መጥቶ ሽሮ በልቶ ሊመለስ ነው!»

ወንጌላዊት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ሰኞ ነው እኮ! አረጋግጫለሁ፣ ሰኞ ነው! ፋሲካም እሁድ ነው!» አለች። ከወረቀቱ ላይ ፋሲካ መጋቢት 19 ብላ የጻፈችው ቁጥር አፍጥጦ ያያታል። ይህን ሕዝብ ፊት አንብባው ቢሆን ኖሮ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቿ ሲዳሩ እንኳ የሚነሳ ወሬ ይሆን ነበር። ነገ ጠዋት አስማረ ወረቀቱን ሊረከብ ይመጣል። አባቷ የሚደርሱት ነገ ማታ ነው።

ጋሼ ዓለምነው ማሽኑን አጠፉትና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስህተቱ የት ነው?»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን።»

«የማላውቀውን?»

ወንጌላዊት መሬት መሬቱን እያየች «ያውቃሉ» አለች።

«አልሰማሁም፤ ማሽኑ ይጮሃል።»

«ጠፍቷል እኮ!» አለች ሄለን።

«ያውቃሉ አልኩ! ያውቃሉ!»

ጋሼ ዓለምነው ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወረዱ። «መጥቅዕሽ ስንት ወጣ?»

መጥቅዕ የዓመቱ ስሌት የሚመዘዝበት ቁጥር ነው። «ሰባት» አለች።

«ሰባት ከዐሥራ አራት ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ያን…» ግንባሯን በመዳፏ መታች። መጥቅዕ ከዐሥራ አራት ከበለጠ በመስከረም ይቆጠራል፤ ካነሰ ግን ወደ ጥቅምት ያልፋል፤ ነነዌም የካቲት ላይ ትውላለች። የአምናው ዐሥራ ስምንት ስለነበረ በመስከረም ነው የተቆጠረው። እሷም የአምናውን ወረቀት ስትከተል ሰባትን ያለ ቦታው መስከረም ላይ ቸክላዋለች።

ጋሼ ዓለምነው በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ በለሆሳስ ቆጠሩ። «ጥቅምት ሰባት ቅዳሜ ይውላል። ለቅዳሜ የሚደመረው ተውሳክ ስምንት። ሰባትና ስምንት ዐሥራ አምስት። ነነዌ የካቲት ዐሥራ አምስት፣ ፋሲካ ሚያዝያ ሃያ አራት።» ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም።

«እንዴ! እንደ ቄስ በጣት ነው የሚቆጥሩት!» አለች ሄለን።

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ወንጌላዊት በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፉላትን ቁጥር እያየች «ግን እኮ አያምኑም» አለች።

«አላምንም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«ፋሲካ እኔ ባምንም ባላምንም ሚያዝያ ሃያ አራት ነው። ቁጥሩ መታወቂያ አይጠይቀኝም።»

«ቁጥሩ ለምን ልክ ይመጣል ግን? ጨረቃዋና ፀሐይዋ ሥርዓት የሚጠብቁት ማን አዟቸው ነው?»

ጋሼ ዓለምነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይህች ሸጋ ጥያቄ ናት። ብቅል ከምታስበላዋ ትሻላለች። አስቢባት፤ እኔም አስባለሁ። አሁን ወረቀቱን አስተካክለሽ ገልብጪና አምጪው።»

ሁለት መቶውን ወረቀት ተሸክመው ሲወጡ ሄለን ቆመች። «ፍሬንድ፣ ስም መጥሪያው ላይ ምን ልትዪ ነው?»

የሰንበት ትምህርት ቤቱ የቆየ ልማድ አለው። ቁጥሩን ያሰማ ልጅ ከመውረዱ በፊት ቁጥሩን ያቀኑለትን ሰዎች ስም ይጠራና «ዕድሜ ይስጥልኝ» ይላል። ስም ሳይጠሩ መውረድ ነውር ነው።

«አባትሽን ጥሪና ውረጂ» አለች ሄለን። «ያስተማሩሽ እሳቸው ናቸው፤ ውሸት አይደለም። በዐውደ ምሕረት ላይ የጋሼን ስም ከጠራሽ ግን አስማረ ሁለተኛ ማይክ አያስነካሽም። ሼም ነው።»

ወንጌላዊት ወረቀቱን አጥብቃ ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

በማግሥቱ ማታ መሪጌታ ሐብተ ማርያም አቧራ ለብሰው ገቡ። እግራቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ ያሰላችበትን ወረቀት ጠየቁ። «ሸጋ ነው። ሸጋ ነው» አሉ እያነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አስጠጉት። «ይህን በጠርዙ ያለውን የእርሳስ አጻጻፍ አውቀዋለሁ። አያ ዓለምነው ነው ያረመልሽ?»

ወንጌላዊት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቪዲዮውን፣ ብቅሉን፣ ውሳኔውን። አባቷ እየሳቁ ሳል ያዛቸው።

«አባዬ፣ ዕውቀት ከእግዚአብሔር አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ እሳቸው ካላመኑ ከየት አመጡት?»

«ከቧንቧችን የሚቀዳው ሰው ሁሉ ምንጩ የት እንደሆነ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ጥሙስ?»

«ይቆረጥለታል።»

«ይኸው ነው። ምንጩ ማን እንደሆነ እኔ አምናለሁ። ዓለምነው ሲጠይቀኝም እነግረዋለሁ፤ ሳይጠይቀኝም ነግሬዋለሁ፣ ሰልችቶታል። ውሃ አልጠጣህም ብዬ ግን አልሟገተውም፤ ጢሙ እርጥብ ነው።»

«እና ስማቸውን ልጥራ?»

«ማይኩን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አሉና ወደ እግራቸው ተመለሱ።

መስከረም አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ወንጌላዊት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በደረጃው ላይ ቆማ ማንበብ ጀመረች። ነነዌ የካቲት ዐሥራ አምስት። ዐቢይ ጾም የካቲት ሃያ ዘጠኝ። ጾሙ እንደሚዘገይ ሲሰማ የሥጋ ቤቱ ባለቤት አምሳል ፊቱ በራ። ፋሲካ ሚያዝያ ሃያ አራት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ልክ ነው።

ስም መጥሪያው ደረሰ። አስማረ ማይኩን ሊቀበላት ከጎኗ እጁን ዘርግቷል። ሄለን ከመዘምራኑ መካከል ሆና በከንፈሯ «አባትሽ፣ አባትሽ» ትላለች።

«ይህን ያስተማሩኝ አባቴ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ናቸው» አለች። የአስማረ እጅ ቀረበ። ማይኩን ወደ ደረቷ ሳበችው። «እኔ ተሳስቼ ነበር። ስህተቴን አይተው ያቀኑልኝ ጋሼ ዓለምነው ናቸው። ለሁለቱም ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አስማረን ሳል ያዘው። «የትኛው ዓለምነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ያኔ ጆሯቸው የደከመው እማሆይ ወለተሩፋኤል፣ አንዳች ትልቅ ነገር የተነገረ መስሏቸው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «እልልልል!» አሉ። የእማሆይ እልልታ ብቻውን አይቀርም፤ ግቢው በሙሉ ተቀበላቸው። አስማረም ግራና ቀኝ አየና ያጨበጭብ ጀመር።

ወንጌላዊት ማይኩን አስረከበችው። ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ ይሆናል። ደረጃውን ስትወርድ ግን እየሳቀች ነበር።

ከግቢው ስትወጣ ሄለን ክንዷን ጨበጠቻት። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር፣ ጋሼ ዓለምነው ቆመዋል። ግራጫ ኮት ለብሰዋል። ከረባት አስረዋል። ጫማቸው ተወልውሏል።

«ጋሼ! ሰሙኝ?» አለች ወንጌላዊት እየሮጠች።

«ሰማሁ። ድምፅሽ ሸጋ ነው፤ ትንሽ ትቸኩያለሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆሙት?»

«ከቅዳሴው።»

«ከቅዳሴው!» አለች ሄለን። «ጋሼ፣ እርስዎ አያምኑ፣ አይሳለሙ! ከረባት አስረው፣ በዚህ ብርድ፣ ያን ሁሉ ሰዓት እዚህ የቆሙት ምነው?»

ጋሼ ዓለምነው ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«አልናገርም» አሉ።